የአራታችን ዋንጫ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ፎርም ይዛ ቤቴ መጣች። የድሮ የሰቆጣ ድምፃውያንን ታሪክ እየሰበሰቡ ነው አሉ። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፤ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «አባባ፣ ቡድናችሁ ያገኛቸውን ሽልማቶች ይንገሩኝ፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ የሰጠውን አካልና የሽልማቱን ዓይነት» አለችኝ። ፎርሙ ላይ ለሽልማት የተተወው አምስት መስመር ነው። አምስት! «ልጄ፣ ዓመተ ምሕረት ከጠየቅሽኝስ የራሴን ልደትም ሰው ነው የሚነግረኝ፤ ይልቅ ሻይ ስንት እንደነበረ፣ ማን ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረገ፣ የቱ ሱቅ ደጃፍ ቆመን እንደዘፈንን ጠይቂኝ» አልኳት። ሳቀችና «ግድ የለም፣ እንደመጣልዎ» አለች። የመጀመሪያው ሽልማታችን ባትሪ የሌለው የግድግዳ ሰዓት ነበር። ሁለተኛው ሙክት ነው። ሙክቱን መድረክ ላይ አወጡትና ገመዱን እኔን አስያዙኝ፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ በጉ በርግጎ እኔን እየጎተተ ወረደ። ዘፈናችንን የረሳ የከተማው ሰው ሞልቷል፣ ያንን የረሳ ግን የለም። ሦስተኛው አንድ ብርድ ልብስ፣ ለአራት ሰው። አራተኛው ምስክር ወረቀት፣ ማኅተሙ ስማችን ላይ አርፎ ማን እንደተሸለመ የማይነበብ። ልጅቱ «ብርድ ልብስ» ብላ ስትጽፍ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምቀልድ መስሏት ነው። አምስተኛው መስመር ላይ «ዋንጫ» አልኳት። «አሁን የት ነው ያለው ታዲያ?» ስትለኝ «ሌላ ቀን» አልኳት። የእሱ ነገር በአንድ መስመር አያልቅም፣ እሷም ባጃጅ በር ላይ አቁማ ነበር የመጣችው። ፎርሟን ይዛ ሄደች፤ እኔ ግን ይኸው ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

እንግዲህ ነገሩ ጦርነቱ አልፎ ሰው ትንፋሹን እየሰበሰበ በነበረ ጊዜ ነው። ሰቆጣ እንዲህ አሁን እንደምታዩዋት ባጃጅ የሚርመሰመስባት ከተማ አልነበረችም። ከወልድያ አውቶቡስ የመጣ ቀን ሥራ የፈታውም ሥራ ያለውም ወጥቶ ማን ወረደ፣ ምን ይዞ መጣ እያለ ይመለከት ነበር። መብራቱ በጄኔሬተር ነው፤ እሱም ደስ ካለው። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ሰው በዳቦ ይጠጣል። ቄንጠኛ ነኝ ያለ ወጣት ካኪ ሱሪውን ተኩሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አርሶ ወደ ኋላ አበጥሮ፣ ጫማው አቧራ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ምን ይደበቃል። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ስፈልግ ውዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ሄጄ እሰየማለሁ። በረንዳዋ ላይ ጓደኛዬ ደሱ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል፤ ምላሱ ከመቀሱ የባሰ ሰው ነው። ሌላው ጓደኛችን ሲሳይ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ዜማ ሲቀጽል አድጎ በኋላ አስተማሪ ሆነ፣ ጠመኔ የቦነነበትን ጋቢውን ለብሶ ይመጣል። ሻዩን የምታቀርብልን ብርቄ ትባላለች። ከኛው ዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ አካባቢ የመጣች ልጅ ናት፤ ቀን እየሠራች ማታ ትማራለች። አማርኛዋ ውስጥ ኽምጠኛው፣ የአካባቢው አገውኛ፣ ጣል ጣል ይላል፤ ደሱ ሲቀልድባት መልሳ በኽምጠኛ ትሰድበዋለች፣ እሱም ምን እንዳለችው ለማወቅ ገበያ ወርዶ ይጠይቃል።

አንድ ቀን የእርዳታ እህል የሚያመላልስ ሾፌር ሻይ ቤቷ ውስጥ ካሴት ረስቶ ሄደ። ሽፋኑ ላይ አምስት ጥቁር አሜሪካውያን አሉ፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ አምስቱም ቀኝ እጃቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘርግተው። ስማቸውን ማንበብ አልቻልንም። የሚሉትም አንድ ቃል አልገባንም። ግን ጉድ እኮ ነው፣ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ከሥር እንደ ውሃ ተቀብለው ሲያንቆረቁሩለት፣ ሲሳይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ይሄ እኮ የኛው ነው» አለ። «አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። እነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ነው ያደጉት፤ እምላለሁ።» ደሱ ግን ዓይኑን ከሽፋኑ አልነቀለም፤ እሱ የሚያየው ልብሱን ነው። «ኮሌታውን እያችሁት?» ይላል። ብርቄ ሳህን እያጠበች ያን ዘፈን ከሰዎቹ ጋር ማንጎራጎር ጀመረች፣ ቃሉን ትታ ዜማውን ብቻ። በሻዴይ፣ በልጃገረዶቹ በዓል ላይ ስትጨፍር ያደገች ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። ቡድናችን የተመሠረተው በዚያ ቅጽበት ነው፤ ስብሰባም ቃለ ጉባኤም አልነበረውም።

ሲሳይ ድምፃችንን አከፋፈለ። ብርቄ ትመራለች፤ እሱ ከሥሯ ይቀበላታል፤ ደሱ በወፍራሙ እንደ ከበሮ ይረግጣል። የእኔ ድምፅ መካከል ላይ ነው። «ያንተ ድምፅ ጨው ነው፣ ብቻውን አይበላም» ይለኝ ነበር ደሱ። ማሲንቆም ክራርም የለንም፤ ሕዝቡ መጀመሪያ «መሣሪያችሁ የት ቀረ?» እያለ ሳቀብን፣ በኋላ ግን ለመደን። ከዚያ የልብሱ ነገር መጣ። ደሱ ሰማያዊ ተትረን ጨርቅ ከወልድያ አስመጣ፤ ለሦስታችን ሙሉ ልብስ፣ ለብርቄ ጉርድ ቀሚስና ኮት ሊሰፋ። ለካን። ልብ በሉ፣ የለካን ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነው፤ ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንጾም፣ ወገባችን ጀርባችን ላይ የተለጠፈ። ልብሱ እንደ ጓንት ልክክ አለልን። የምንለብሰው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው! ዶሮው፣ በጉ፣ ቅቤው አልፎ መድረክ ላይ ስንወጣ መተንፈስ አቃተን። ሲሳይ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያወጣ ቁልፉ ተፈናጥሮ ፊት ረድፍ የተቀመጡ አዛውንት ጉያ ገባ። አዛውንቱ ቁልፉን አንስተው አቧራውን አራግፈው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። ያም ሆኖ ልብሱ ስም አወጣልን፤ ሰዉ «ሰማያዊዎቹ» ይለን ጀመር።

ወደ ክልሉ ከተማ ለውድድር የተላክነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ቀን የፈጀ መንገድ፤ ብርቄ ከተማው ዳር የተኛውን ሐይቅ ስታይ «ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ ተቀምጦ እኛ አገር ዝናብ ጠፋ?» ብላ ተቆጣች፣ የሠራውን ሰው ብታገኘው ትከሰው ነበር። እኔ ድምፄ እንዳይዘጋ ሎሚ ስመጥ ዋልኩ። የዘፈንነው ራሳችን ያወጣነውን ነው፤ መግቢያው ላይ ብርቄ ብቻዋን ታወጣዋለች፦

ማሽላ ልሸምት ዝቋላ ወርጄ፣
ረስቼ መጣሁ ልቤን ከወዳጄ።

ሁለተኛውን ዙር በኽምጠኛ አለችው። አዳራሹ ጭጭ አለ። እኔ ያላማራቸው መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ሦስታችን ስንቀበላት ሰዉ ተነሥቶ ቆመ። ሁለት ጆሮ ያለው፣ ወርቅ የመሰለ፣ ክንድ የሚያህል ዋንጫ ሰጡን። ዋንጫ እጄ ላይ ሲያርፍ ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ አለቀስኩ። እናቴ ስትሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀስኩ ሰው እዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ብርቄ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝና «አያ ሞላ፣ ሰው ያየናል፤ በጉን አስታወስከው እንዴ?» አለችኝ።

እንግዲህ አንድ ዋንጫ ለአራት ሰው። ሰቆጣ ስንገባ ለውድድሩ የላኩን የባህል ጽሕፈት ቤት አለቆች «መሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ» አሉ። ሲሳይ ግን «እንደ ማኅበር ጽዋ ይዙር» አለ። በኛ አገር ማኅበር ያልገባ ሰው የለምና አለቆቹም አፋቸውን ያዙ፤ ጽዋ ቤት ለቤት ይዞራል እንጂ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል የሚል ማን ነው? ሲሳይ ወር በገባ በአሥራ አንድ፣ በቅዱስ ያሬድ ቀን ይሁን ብሎ ነበር፤ አባቱ መሪጌታው ሰምተው መቋሚያቸውን አነሡ። «በዘፈን ዋንጫ? በያሬድ ስም?» ሌላ ቀን ፍለጋ ገባን፣ ከሠላሳው ቀን ቅዱስ የሌለበት ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። በመጨረሻ ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ተባለ። ሥርዓቱ ያው የማኅበሩ ሥርዓት ነው፦ ባለተራው ዳቦ ጋግሮ ጠላ ጠምቆ ሦስቱን ይጋብዛል፣ ዘፍነን ስናበቃ ተነሥቶ ዋንጫውን በገዛ እጁ ለቀጣዩ ያስረክባል፤ ተቀባዩም በነጠላ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በወኪል የለም። መጀመሪያ እኔ ቤት ነበር፤ የኔን ሞኝነት ስሙ፣ ጠላውን ዋንጫው ውስጥ ሞላሁት! አራታችን ተቀባብለን ጠጣን። ለካ ወርቅ ያልነው ቀለም ኖሯል። በማግሥቱ ለእንግዳ አቀባበል ዝፈኑ ስንባል፣ ደሱ እንዳለው፣ ከድምፃችን ይልቅ ሆዳችን ቀደመ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው መካከል ላይ ይቀመጣል፣ የምንጠጣው በብርጭቆ ሆነ።

እንዲህ እያልን ስንት ዓመት ሄደ። ሠርግ አልቀረን፣ ምርቃት አልቀረን፣ በዓል አልቀረን። ብርድ ልብሱም ምስክር ወረቀቱም የመጣው በዚያ መካከል ነው፤ ተራ አላስገባነውም፤ ብርድ ልብሱን ለሲሳይ አራስ ሚስት ሰጠናት። አሁን ልጆቹ ስልካቸው ላይ ዓለምን ሁሉ ይሰማሉ፣ ደስ ይላል፤ እኔ የምቆጨው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አንድ ካሴት በእርሳስ እያጠነጠኑ ቴፑን የማዳን ትዕግሥት ምን እንደሚመስል አያውቁም። ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ዝቋላ ላይ ማሽላው ሳያሽት ደረቀ፣ ፍየሉ አለቀ፣ ወጣቱ ነቅሎ መሄድ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ተራው የብርቄ ነበር። ዋንጫውን ለእናቴ ላሳያት ብላ ይዛው ጽጽቃ ወረደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠበቅናት፣ አልመጣችም። ከገበያ የመጣ ሰው «ብርቄ ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች፣ ድንገት ነው የተነሣችው፤ ተራዬን ሳልፈጽም ሄድኩ፣ አትቀየሙኝ ብላችኋለች» አለን። ደሱ የስፌት መኪናውን አቁሞ በጨርቅ ሸፈነው። እሱ ቀልድ ሲጠፋው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወራት ሲገፉ ደብዳቤ መጣ። በየዓመቱ ዋንጫ የወሰዱ ቡድኖች በአንድ መድረክ ሊከበሩ ነው፤ ዋንጫቸውን ይዘው ለቀረቡት አንድ ሙዚቃ ቤት ዘፈናቸውን በካሴት ያወጣላቸዋል። ካሴት! እናንተ ዛሬ ምን እንደሆነ አይገባችሁም። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በየሻይ ቤቱ ድምፄ ሲሰማ፣ ሽፋኑ ላይ ሰማያዊ ልብሳችንን ለብሰን እጃችንን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘርግተን። እንቅልፍ አጣሁ። በብርቄ ፈንታ ሲሳይ ከተማሪዎቹ አንዷን አሠለጠነ፤ ደህና ድምፅ አላት። የጎደለን ዋንጫው ብቻ ነው። «ሞላ፣ አንተ ሂድ፤ ለስላሳ ምላስ አለህ» አሉኝ። እኔም ፈቃድ ወስጄ፣ ስንቄን ቋጥሬ በእግሬ ወደ ጽጽቃ ተነሣሁ። አንድ ቀን ተኩል ዳገትና ቁልቁለት። መንገዱን ሙሉ የማስበው ካሴቱን ነው፤ ሽፋኑ ላይ በስተቀኝ ልቁም ወይስ በስተግራ እያልኩ። አፈር ስሆን፣ ስለ ብርቄ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

እናቷ እማማ ወለቴ ይባላሉ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ሲለቅሙ ደረስኩ፤ ትንሽ ነበረች ማሽላዋ። «ሞላ ነኝ እማማ፣ ከብርቄ ጋር የምንዘፍነው» ስላቸው ብድግ አሉ። «ወሬዋን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ። ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «የለም፣ እማማ፣ ወሬ የለኝም» አልኩ። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ውሃ ሰጡኝ፣ ከዚያችው ማሽላ ቆልተው ሰጡኝ። ወደ ቤት አስገቡኝ፤ መደቡ ላይ ዋንጫው በብርቄ ሻሽ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ታጥቦ፣ አቧራ የለበትም። እንዴት እንደምጀምር ጨነቀኝ፤ በመጨረሻ «እውነቱን ለመናገር እማማ፣ ዋንጫውን ልወስድ ነበር የመጣሁት» አልኳቸው። ሄደው ከዋንጫው አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ በዚያች በተመጠነች አማርኛቸው ይጠይቁኝ ጀመር።

«ይሄ የማኅበር ነው ብላኛለች ልጄ። ማኅበር ነው?»

«እንደ ማኅበር ነው፣ እማማ።»

«ጽዋ ማን ይሰጣል?»

«ባለተራው።»

«በእጁ?»

«አዎ፣ በእጁ።»

«ባለተራው ከሌለስ? ሌላ ሰው መቼ ይሰጣል?»

«እሱማ ማኅበርተኛው ሲሞት ቤተሰቡ ያስረ—» አልኩና አፌን በእጄ ያዝኩ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

እማማ ወለቴ አልተቆጡም። «ስምንት ወሯ ነው ድምፅዋን ካጣሁ» አሉ። «ጎረቤት ይመጣል። ወለቴ፣ እርምሽን አውጪ ይለኛል። ልቅሶ ተቀመጪ፣ ተዝካር አውጪ ይለኛል። እኔ እምቢ አልኩ። ልጄ ተራዋ ላይ ናት፣ ዋንጫው እዚህ ነው አልኩ። አሁን አንተ መጣህ። እኔ ላስረክብህ?»

እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያው ሐሳቤ «ምናለበት፣ ቆርቆሮ ነው፣ ለሁለት ሳምንት አውሰውኝ እመልሳለሁ» ማለት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እጃቸውን አየሁ፤ ያን ሻሽ ከዋንጫው ላይ አንዴ ያስተካክሉታል፣ አንዴ መልሰው ያስተካክሉታል። እኚህ ሴትዮ ዋንጫውን ከሰጡኝ ልጃቸውን መቅበራቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ አስቀማጭ ልሆን አንድ ቀን ተኩል ተጉዤ መጥቻለሁ።  ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩና «ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ እሷ መጥታ በእጇ ትሰጣለች» አልኳቸው። «አሜን» አሉ። ስንቄ ላይ እፍኝ ቆሎ ጨመሩልኝ። የተረፋቸው እሱ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እምቢ ብል ይከፋቸዋል ብዬ ተቀበልኩ።

ሰቆጣ ስገባ ደሱ ከሩቅ ባዶ እጄን አይቶ መቀሱን ወረወረ። «አንዲት ባልቴት አሸነፈችህ? ለስላሳ ምላስህን ፍየል በላው?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሳይ አቀርቅሮ ሰማና «በማኅበር ሕግ ልክ ናቸው። እኔ ነኝ ሕጉን ያመጣሁት፣ እኔ አላፈርሰውም» አለ። ደሱ «ሕግህን ብላ!» ብሎ ተነሥቶ ሄደ፤ ሁለት ወር አላናገረንም፣ ሱሪዬ ቢቀደድ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ እስክሄድ ድረስ። መድረኩ ያለ እኛ ተካሄደ። ካሴቱ ወጣ፤ ሌሎች ናቸው ያሉበት። በየሻይ ቤቱ ሲዘፈን እሰማለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ሰው ሳያየኝ አንዱን ገዛሁት፤ ሽፋኑን እያየሁ እዚህ ጋ እኔ እቆም ነበር ብያለሁ። ቆጨኝ፣ ምን እደብቃለሁ። አንዳንድ ቀን «ምነው ያን ጊዜ ጨክኜ በወሰድኩት» ብዬ አስቤያለሁ። ወዲያው ደግሞ ያቺ ሻሽ ትመጣብኛለች።

ከሁለት ወር በኋላ ደሱ ራሱ መጣ። ቅዳሜ ነበር፣ ወር የገባ የመጀመሪያው። ሻይ ቤቷ ተቀምጠን ሳለ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ተራው የማን ነው?» አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «የብርቄ» አለው ሲሳይ። «እንግዲያው ማንም አይጋብዝም፤ ሻይህን ራስህ ክፈል» አለው ደሱ። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ተራው ብርቄ ላይ ስለቆመ ማናችንም ድግስ መደገስ አንችልም፤ በየወሩ ቅዳሜ እንሰበሰባለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እንበታተናለን። መድረክ ላይ አልወጣንም፤ ያቺ የሠለጠነች ተማሪም ሌላ ቡድን ገባች። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ ሃምሳ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ብር ሆነ። ከተማዋ መብራት በየቀኑ ታይ ጀመር። ብርቄ በሕይወት መኖሯን የሰማነው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ የገባችበት ቤት ከበር የማያስወጣ፣ ስልክ የማያስነካ ሆኖባት ኖሯል። እማማ ወለቴ ወሬውን የሰሙ ቀን፣ እርምሽን አውጪ ላላቸው ጎረቤት ሁሉ እየዞሩ በየደጁ እልል አሉ ተብሎ ተነገረን። ደሱ ይሄን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ «ጢስ ነው» አለ። የሚጤስ ነገር አልነበረም።

የመጣችው ሚሊኒየሙ እየቀረበ፣ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ብቻ በሚያወራበት ሰሞን ነው። ሞባይል ሰቆጣ ገብቶ ነበር፤ የደሱ ስልክ ጮኸ። ጆሮው ላይ አድርጎ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከዚያ በኽምጠኛ ስድብ ሲመልስ ሰማሁት፤ ከገበያ የተማራት ያቺ አንዲቷ ስድብ ናት። ስልኩን ዘግቶ «ቅዳሜ ባለተራዋ ትጋብዛለች፣ ጽጽቃ» አለን። በጭነት መኪና ጀርባ ተጭነን ወረድን፤ ሦስት ጎልማሳ ሰው፣ ሲሳይ መላጣ ሆኖ፣ እኔ መነጽር አድርጌ። ብርቄ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ወፍራለች፣ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ፤ ስለ እሱ ማንም አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችንም። አንገት ለአንገት ተያይዘን ተላቀስን። ጠላው፣ ዳቦው፣ የታረደው ፍየል ሌላ ነው፤ የስንት ዓመቱን ተራ በአንድ ቀን ልትከፍለው ነው የመሰለን።

ስንበላ ብርቄ ቀና ብላ «በኔ ምክንያት ካሴት ሳታወጡ ቀራችሁ አሉ፤ እውነት ነው?» አለች።  ደሱ አጥንቱን አስቀመጠና «ማነው እንዲህ ያለሽ? ያን ጊዜ የሠርግ ወራት ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የቀረነው። አንቺ ሴትዮ ሁሉ ነገር ባንቺ የሚሆን ይመስልሻል!» አላት። ያ መቀስ የወረወረው ደሱ! ሲሳይ ሳቁን ለመደበቅ ብርጭቆውን አነሣ። ብርቄ አላመነችውም፤ ግን እጇን ዘርግታ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ዘፈንን። ድምፅዋ ወርዷል፣ ወፍሯል፤ ሲሳይ ሁላችንንም ዝቅ አደረገን፣ ደሱ ከዚያ በታች የሚረግጥበት አጥቶ አጉተመተመ። የማሽላዋን ዘፈን ስታወጣ ያ ውድድር ላይ ያሸነፈችበት ድምፅ አልነበረም፤ እኔ ግን ይሄኛው በለጠብኝ። እማማ ወለቴ ልጃቸው ከእኛ ጋር ስትዘፍን ሰምተው አያውቁም ነበር። ምሰሶውን ተደግፈው ቆመው ሰሙ። አላጨበጨቡም፣ እልል አላሉም፤ ብቻ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ማስረከቢያው ደረሰ። ሁላችንም ተነሣን። እማማ ወለቴ ዋንጫውን ከመደቡ አንሥተው ለብርቄ ሰጧት። ጆሮው አንዱ ላልቷል፣ ወርቅ መሳዩ ቀለም ከታች ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ብርቄ በሁለት እጇ ይዛ «እኔ ተራዬን ፈጽሜያለሁ፣ እግዚአብሔር ለከርሞም በሰላም ያድርሰን» ብላ ወደ ቀጣዩ ዞረች። ቀጣዩ እኔ ነኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ ግን አልነካሁትም፤ ሳላስበው ዓይኔ ወደ እማማ ወለቴ ሄደ።

«ያን ቀን ባዶ እጅህን ሰደድኩህ» አሉኝ። «በል፣ አሁን ውሰደው።»